ሦስት ብረት ለአንድ መንጋጋ

ርክክቡ ሁለት ቀን ፈጀ። የመሣሪያ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ እያንዳንዱን መቆንጠጫ፣ እያንዳንዱን ፒንሳ፣ እያንዳንዱን መሰርሰሪያ በስሙ እየጠራሁ አስረከብኩ። የተረከበችኝ ነርስ በዝርዝሩ ላይ ምልክት እያደረገች ተቀበለች። በመጨረሻ ቁልፉን ሰጠኋትና ፈረምኩ። የጡረታ ወረቀቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ወር ቆይቶ መጣ፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

በርክክቡ መካከል ያስቆመኝ አንድ ነገር ነበር። ካርቶን ውስጥ የታሸገ፣ ከነጭ ፕላስቲክ የተሠራ የሰው መንጋጋ አገኘን። የአንድ በሽተኛ ራጅ በኮምፒውተር ተነቦ፣ መንጋጋው ልክ እንደ ራሱ በማሽን ተሠርቶ ከአዲስ አበባ የተላከ ነው። አብሮት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ቁራጭ አለ። ቁራጩን መንጋጋው ላይ ብታስቀምጡት የሚገጥመው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወዲያ ወዲህ አይልም። ሐኪሙ በእነዚያ ቀዳዳዎች ይሰረስራል፤ የሚገባውም ብረት አስቀድሞ ታጥፎ መጥቷል።

ነርሷ አገላብጣ አየችውና፣ “እትዬ፣ እናንተ ያለዚህ እንዴት ነበር የምትሠሩት?” አለችኝ።

“በእጅ” አልኳት።

ገና ግማሽ ዝርዝር ይቀረን ስለነበር ሌላ አልጠየቀችም። እኔ ግን መልሴ እንዳጠረ አውቄአለሁ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሷ ጥያቄ ነው።

የተወለድኩት ቢቸና ነው። አባቴ አናጢ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ አልመጣልኝም። ጤና ረዳት የሚሆኑ ሲፈለጉ ተመዘገብኩ፤ ሠልጥኜ እዚያው ቢቸና ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። የመጀመሪያ አለቃዬ አቶ ፈንታ የሚባሉ የድሮ ድሬሰር ነበሩ። ያን ጊዜ መርፌ የሚቀቀለው በቡታ ጋዝ ምድጃ ነው። እሳቸው ጠዋት ገብተው ድስቱን ሳይከፍቱ ለማንም ደኅና አደርክ አይሉም። “መርፌው ካልፈላ በሽተኛው ይፈላል” ይሉ ነበር። ከእሳቸው የቀረልኝ ይኸው ነው፤ ዕቃን ማመን ቀርቶ ራሴን ሳላምን መሥራት።

ከዚያ ሁለት ዓመት መርጡለ ማርያም ሠራሁ። አብዛኛው ሥራዬ ወሊድ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ጡረታዬ የቆየሁት ሞጣ ነው፤ ከከተማው ዳር አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ባቆማት ትንሽ የቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ። የክሊኒኳን ስም አልጽፍም። በዚያ የነበሩት ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ ነበር፤ የማወራው ጥፋት የእኔ ስለሆነ ለእነሱ እንዳይተርፍ ነው።

ክሊኒኳ ውስጥ የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዘነበች ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ ሴት። እኔ እንደ እሷ ነርስ አይደለሁም፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ቢለኝም እሷ አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም። ጥሩወርቅ ትለኛለች። ከሰባት ዓመት በኋላ ከሥራ ስትሰናበት ግን ቁልፉን የሰጠችው ለእኔ ነው።

ዶክተር ሙሉቀን የሚባል የፊትና የመንጋጋ ሐኪም በየሁለት ወሩ ከባሕር ዳር እየመጣ አንድ ሳምንት ይሠራል። በእኛ አገር የፊት አጥንት የሚሰበርበት ምክንያት የታወቀ ነው። በቅሎ ይራገጣል፤ በዱላ ይማታሉ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ባጃጅ ይገለበጣል። ሐኪሙ የተሰበረውን አጥንት አገጣጥሞ በትንሽ ብረት ያስረዋል። ፕሌት እንለዋለን። ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም፤ በመስመር ቀዳዳ አለው፤ በየቀዳዳው ብሎን ይገባል።

መንጋጋ እንደ እግር አይደለም። እግር ጥቂት ቢዛነፍ ሰው ያነክስ ይሆናል እንጂ ይሄዳል። መንጋጋ በፀጉር ውፍረት ቢዛነፍ ጥርስ ከጥርስ አይገናኝም። ስለዚህ መጀመሪያ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ጋር በትክክል እንደተነከሰ በሽቦ ይታሰራል፤ ቀጥሎ አጥንቱ ይገጠማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ብረቱ የሚመጣው። ብረቱ የአጥንቱን ቅርጽ ይዞ እንዲተኛ መታጠፍ አለበት። ይህ ነው የእኔ ሥራ የነበረው። ሐኪሙ አንድ ለስላሳ ስስ ብረት አጥንቱ ላይ በጣቱ ይጫነዋል፤ ያ ለስላሳ ብረት የአጥንቱን ቅርጽ ይይዛል። ልክ እንለዋለን። ልኩን ለእኔ ያቀብለኛል። እኔ በሁለት ፒንሳ እውነተኛውን ፕሌት ልኩን እንዲመስል አጥፌ እሰጠዋለሁ።

ብዙ ሰው ያልተስተካከለ ብረት ብሎን ሲጠብቅ የሚስተካከል ይመስለዋል። ሲስተር ዘነበች የመጀመሪያ ቀን ያሳየችኝ ይህን ነበር። የሞተ በግ መንጋጋ ከሥጋ ሻጭ አስመጣች፤ በመጋዝ ለሁለት ከፈለችው፤ ሸፋፋ ብረት አስቀምጣ ብሎኑን አጠበቀች። የበጉ አጥንት ተንቀሳቅሶ ጥርሱ ተከፈተ።

“ምን አየሽ?”

“ብረቱ አልሄደም” አልኳት።

“አዎ። አጥንቱ ነው ወደ ብረቱ የሄደው። አንቺ ስትሳሳቺ ብረቱ አይቀጣም።”

ሌላም ልማድ ነበራት። ልኩን ገና ከሐኪሙ እጅ ስትቀበል በቀለም ቀስት ትሥልበታለች፤ የቀስቱ ጫፍ ወደ አገጭ ነው። የመሰርሰሪያ ጫፎችን በጥርስ ብሩሽ ካጠበች በኋላ ጥጥ ላይ ትጎትታቸዋለች፤ ጥጡ ከተያዘ ጫፉ ተሸርፏል ማለት ነው፤ ይጣላል። ብረት የምታጥፈው በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ብቻ ነው። ቀዳዳው ራሱ እንዳይጣመም መጠበቂያ ብሎን ትሰካበታለች። ከጨረሰች በኋላ ፕሌቱን ከልኩ ጋር ደርባ ወደ መብራቱ ትይዘዋለች። በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ አልገጠመም።

ከሁሉ በላይ የምትጠላው አጥፎ መመለስን ነው። “ብረት ቂም ይይዛል” ትለኝ ነበር። “አንዴ አጥፈሽ፣ አቃንተሽ፣ እንደገና ወደ ሌላ ካጠፍሽው ላዩ ምንም አይመስልም። ውስጡ ግን ደክሟል። ከተሳሳትሽ ጣይው።”

ሲስተር ዘነበች ወደ ልጇ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ያህል ብቻዬን አጠፍኩ። ከደብረ ወርቅ የመጣች አንዲት ሴት የጉንጯ አጥንት ገብቶ ዓይኗ ወርዶ ነበር፤ ተስተካክሎላት ስትሄድ ራሷን በባጃጅ መስታወት ውስጥ እያየች ከበሩ አልንቀሳቀስ አለች። እንዲህ ያለ ቀን ነበረን። በዚህ መካከል ነው አያ ደሳለኝ የመጣው።

አያ ደሳለኝ የቢቸና የከብት ደላላ ነው። በከብት ገበያው ከዳር እስከ ዳር ድምፁ ይሰማል። መንጋጋው በነጠላ ታስሮ፣ ግራ ጉንጩ አብጦ፣ ሚስቱ ወርቄ ደግፋው ገባ። ያም ሆኖ ባልታሰረው በኩል ያወራል።

ዶክተር ሙሉቀን፣ “ማን መታህ?” አለው።

“በቅሎ ናት፣ ዶክተር።”

“ምን አድርገሃት?”

“አመስግኛት። ‘ይህቺን በቅሎ ሕፃን ልጅ ይጫናታል፤ ጨዋ ናት’ ብዬ ለገዥው እየማልኩ ቂጧን መታ አደረግኋት።”

ወርቄ ከጀርባው ሆና፣ “በሕይወቱ እውነት የተናገረበት ቀን ካለ ያ ቀን አይደለም” አለች።

ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ሳቅን። እሱም ሊስቅ ሲል አመመውና ጉንጩን ያዘ። ከዚያ ዓይኑ ወደ እኔ መጣ። የቢቸና ልጅ መሆኔን ከአነጋገሬ ለየ መሰለኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀ። ነገርኩት። አባቴን ያውቃቸዋል።

“እንግዲያው አንቺ እወቂልኝ፣ እትዬ” አለኝ። “እኔ እርፍ ጨብጬ አላውቅም። እርሻዬ አፌ ነው። አምስት ልጅ የሚበላው ከዚህ ነው። ጠማማ አድርጋችሁ ከሰፋችሁት ማን ያምነኛል?”

“ቀና ሆኖስ ማን አመነህ?” አለች ወርቄ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ኦፕራሲዮኑ የተደረገው በማግሥቱ ነው። ስብራቱ በግራ በኩል ከመንጋጋ ጥርሶቹ ሥር ነበር፤ የሰፋ ቢሆንም ንጹሕ ስብራት። ጥርሱ ታሰረ፤ አጥንቱ ገጠመ። ዶክተሩ ልኩን አጥንቱ ላይ ተጭኖ ሰጠኝ። በዚያው ቅጽበት የደም መምጠጫው ቱቦ ተዘጋና ዶክተሩ ሌላ ጠየቀኝ። ልኩን ጨርቁ ላይ አስቀምጬ መምጠጫውን ለወጥኩ። ስመለስ ልኩን አነሣሁ። ቀስት አልሣልኩበትም ነበር።

የልኩ የአገጭ ጫፍ የጆሮው ጫፍ መስሎኝ ፕሌቱን በተገላቢጦሽ አጠፍኩት። ጨርሼ ከልኩ ጋር ወደ መብራቱ ስይዘው በሁለቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ብርሃን አየሁ። ምን እንዳደረግሁ ወዲያው ገባኝ። በሣጥኑ ውስጥ በዚያ ርዝመት አንድ ሌላ ፕሌት ነበር፤ አንድ ብቻ። በዚያው ሳምንት ከሚቀጥሉት በሽተኞች ለአንዱ ይሆናል ብዬ ያሰብኩት።

የምጽፈው ራሴን ለማመካኘት አይደለም፤ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ነው። በእኛ አገር የተጣመመ ሚስማር አይጣልም። ድንጋይ ላይ ተደርጎ በመዶሻ ይቃናና ይመታል። አባቴ ያፈረሱትን ቤት ሚስማር በቆርቆሮ ሰብስበው፣ እኛ ልጆች ስናቃናላቸው ሌላ ቤት ይሠሩበት ነበር። ቤቶቹ ዛሬም ቆመዋል። ደኅና ብረት መጣል በእጄ አልነበረም። ፕሌቱን አቃናሁት፤ እንደገናም አጠፍኩት።

“ምነው ዘገየሽ?” አለኝ ዶክተሩ ቀና ሳይል።

“ደርሷል” አልኩት።

ሰጠሁት። በደንብ ተኛለት። ብርሃን አያሳልፍም ነበር። መሰርሰሪያውን በሚመራው ቱቦ በኩል ሰርስሮ፣ እኔ ውኃ እያንጠባጠብኩ፣ በቆልማማዋ መለኪያ ጥልቀቱን ለክቶ፣ ብሎኖቹን አስገባ። “ጎበዝ” አለኝ። የስፌቱን መርፌና ክር አቀበልኩት።

ሽቦው በሁለተኛው ሳምንት ተፈታ። እስከ ዳግማ ትንሣኤ አጥሚትና ቀጭን ሽሮ ብቻ እንዲወስድ፣ ምንም ነገር እንዳያኝክ ተነግሮት ወደ ቢቸና ሄደ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ወርቄ ይዛው ተመለሰች። ጉንጩ እንደገና አብጧል። ዶክተር ሙሉቀን በዚያ ሳምንት እዚያው ነበር። ራጁን መስኮቱ ላይ ሲይዘው እኔም ከኋላው ቆሜ አየሁ። ፕሌቱ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀዳዳ መካከል ለሁለት ተሰብሯል።

“ደሳለኝ፣ ምን በላህ?” አለው ዶክተሩ።

“አጥሚት።”

“እኔ የጠየቅኩህ በፋሲካ ቀን የበላኸውን ነው።”

“አጥሚት ነው የምልህ! በመድኃኔ ዓለም! በልጆቼ!”

ወርቄ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። “የደላላ መሐላ” አለች። “በጉን አርደን ሁላችን ስንበላ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። እኔ ዘወር ስል አልነከሰም ብዬ እንዴት ልማል? እኔኮ ነግሬሃለሁ፤ ልጆችህን በሆድህ ለወጥካቸው።”

“ወርቄ፣ ሙች አልበላሁም።”

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀና መዝገቡ ላይ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አየሁት፤ ታካሚው የአመጋገብ ትእዛዝ አልጠበቀም ይላል። ለመተካት የሚሆን ፕሌት አልነበረንም፤ ያቺን አንዷን ለሌላ ሰው ተጠቅመንባታል። ዶክተሩ ጥርሱን እንደገና በሽቦ አሰረውና ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ ፕሌት ይዞ እንደሚመለስ ነገረው። አያ ደሳለኝ ሲወጣ እጁን ዘርግቶ ላየው ሰው ሁሉ በምልክት ይምል ነበር፤ የሚያምነው ግን አንድ ሰው እንኳ አላገኘም። እኔ መሣሪያ እቆጥር ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሲስተር ዘነበች ደወልኩላት። የሆነውን ነገርኳት።

“ለምን አልጣልሽውም?”

“አንድ ብቻ ነበር የቀረው።”

“እንግዲያው ‘አንድ ብቻ ነው የቀረን’ ብለሽ ለሐኪሙ መንገር ነበረብሽ። መምረጥ የእሱ ነው። አንቺ መረጥሽለት።”

“አሁን ምን ላድርግ?”

“እኔን ነው የምትጠይቂኝ? የሰበርሽው የእኔን መንጋጋ አይደለም።” ስልኩን ዘጋች። ጨካኝ ሴት አልነበረችም። ጊዜ እንዳላባክን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ዶክተሩ ሳይጀምር ነገርኩት። የተሰበረውን ፕሌት ራጅ አወጣና ረጅም ጊዜ ተመለከተው። “የተመለሰ ብረት በአጥሚትም ይሰበራል” አለ። ቆየት ብሎ፣ “እኔም ስትዘገዪ ማየት ነበረብኝ” አለ። መዝገቡን አስመጥቶ የጻፈውን ሰረዘ።

የክሊኒኳ አስተዳዳሪ ግን ሌላ አሰበ። ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። “ሲስተር፣ ሥጋ በላ ተብሎ ነገሩ አልቋል። ሰውየውም ውሸታም መባሉን ለምዶታል። ለምን ትነካኪዋለሽ? ይከሰናል።”

“አልበላሁም ብሏል” አልኩት።

“ደላላኮ ነው!”

“አዎ” አልኩት። ወጣሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ ተቀበልኩ።

ሰው ሲበድል ሽማግሌ ይልካል። ይህን ያደግሁበት ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ ስለሠራሁ የሚቀርልኝ አልመሰለኝም። ጎረቤቶቼን መሪጌታ ጥበቡንና ሐጂ እንድሪስን ለመንኳቸው። ሐጂ እንድሪስ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው መጡልኝ። ባሕሉ ጥፋቱ ከባድ ሲሆን ድንጋይ ተሸክሞ መቆም ነው። ልሸከም ስል መሪጌታ ከለከሉኝ።

“ድንጋይ የነፍስ ጉዳይ ሲሆን ነው።”

ሐጂ ደግሞ፣ “በዚያ ላይ ቢቸና ድረስ በአውቶቡስ ድንጋይ ይዘን ስንወጣ ረዳቱ የጭነት ያስከፍለናል” አሉ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ደረስን። ሽማግሌዎቹ ከደጃፉ ቆመው፣ “ለይቅርታ መጥተናል” አሉ። እኔ ከኋላቸው አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ወርቄ ወጥታ ስታየኝ ግራ ገባት።

“እትዬ? ለማን ይቅርታ?”

“ለባልሽ” አሉ መሪጌታ። “ግቡ ካላላችሁን አንገባም።”

አያ ደሳለኝ መደብ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ጥርሱ ስለታሰረ የሚናገረው በጥርሱ መካከል ነው፤ ለእኛ አይሰማም፤ ወርቄ ትተረጉማለች። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡ በኋላ እኔ ቆሜ ተናገርኩ። ብረቱን ወደ ተሳሳተው በኩል እንዳጠፍኩት፣ እንዳቃናሁት፣ እንደገና እንዳጠፍኩት፣ እያወቅሁ እንደሰጠሁ፣ ሐኪሙም ሚስቱም ሲወቅሱት ዝም እንዳልኩ። ከዚህ የበለጠ አልተናገርኩም።

ወርቄ ባሏን አየችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

እሱ አንድ ነገር አጉተመተመ።

“‘አልበላሁም አላልኩሽም?’ ይላል” አለች ወርቄ፤ ድምፅዋ አንሶ። “‘ሁለት ሳምንት ጀርባሽን ሰጥተሽኛል’ ይላል።”

“ይበል” አሉ መሪጌታ። “እውነቱን ነው። አያ ደሳለኝ፣ እኛም ሰምተን ሥጋ በላ ብለን አምተንሃል። እኛንም ይቅር በለን።”

በዚህ ጊዜ አያ ደሳለኝ ወደ መሪጌታ አየ፤ ወደ ሐጂ አየ፤ ጣሪያውን አየ። ከዚያ አመልካች ጣቱን አነሣና አንድ ነገር አጉተመተመ።

ወርቄ አልተረጎመችም።

“ምን አለ?” አሉ ሐጂ።

“ምንም።”

“ምንም አይደለም፤ ጣቱን አንሥቷል።”

ወርቄ ወደ ባሏ ዞረች። “አንድ ጉርሻ? አንድ ጉርሻ ብቻ? በልጆችህ ምለህ!”

አያ ደሳለኝ በጥርሱ መካከል እየደጋገመ አንድ ነገር ይላል። አሁን እኛም ሰማነው፤ “ቅልጥም፤ ለስላሳ ቅልጥም” ነው የሚለው። ሐጂ እንድሪስ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። መሪጌታ ወደ መሬት አዩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። “ያልደከመ ብረት አንድ ጉርሻ ይችላል” አልኩ። ይህ እውነት ነው። የትኛው እንደሰበረው ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ዛሬም አላውቅም።

ይቅር በል ሲባል አያ ደሳለኝ እንደ ደላላ ነው የመለሰው። ይቅር ይላል፤ ግን አንድ ነገር አለው።

ወርቄ ገና እንደተቆጣች ተረጎመች፦ “ሁለተኛውንም ብረት እትዬ ካላጠፈችው አይሆንም ይላል።”

ይህን አልጠበቅሁም። “አይሆንም” አልኩ። “ዶክተሩ ራሱ ያጥፈው። ወይም ከባሕር ዳር ሰው ይምጣ።”

ራሱን ነቀነቀ። ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ወርቄ ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

“‘ወንዝ ላይ አንዴ የወደቀ በሬ ሁለተኛ ሲሻገር እግሩን እያየ ነው። እኔ የምፈራው ያልወደቀውን ነው። በሬ የማውቀው እኔ ነኝ’ ይላል።”

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። “ተበድሎ የጠየቀውን እምቢ ማለት አለ?”

“የለም” አልኩ።

ተሳምን። ወርቄ ጠላ አመጣችልን፤ ለሐጂ ሻይ አፈላች። ለባሏ አጥሚት በቱቦ ሰጠችውና እስኪጨርስ ከፊቱ አልተነሣችም።

ዶክተር ሙሉቀን ሲመጣ ሁለት ፕሌት ይዞ መጣ። በዚያ ቀን ልኩን ስቀበል ምንም ሳላደርግ መጀመሪያ ቀስቱን ሣልኩ። መጠበቂያ ብሎኖቹን ሰካሁ። ፕሌቱን በቀስታ አጠፍኩ፤ ወደ መብራቱ ያዝኩት። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ የክር ያህል ብርሃን ያልፋል። የድሮው ስብራት ስለተንቀሳቀሰ አጥንቱ ላይ አዲስ ጉብታ በቅሎ ነበር፤ ትንሽ አልፌ አጥፌዋለሁ። ለማስተካከል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገዋል።

ዶክተሩ እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። በሽተኛው ተኝቶ የቆየበት ጊዜ ረዝሟል፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሰዓቱን ያያል።

“አሳዪኝ” አለ። አየው። “ይቺን ብሎኑ ይስባታል። ስጪኝ።”

“አይስባትም” አልኩ። “አጥንቱን ነው የሚስበው።”

“ሲስተር፣ ያመጣሁት ሁለት ብቻ ነው።”

“አውቃለሁ። ሁለተኛውን ስጡኝ።”

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ለሐኪም እንዲህ ብዬ አላውቅም። የያዝኩትን ፕሌት ቆሻሻ መጣያው ሳህን ውስጥ ጣልኩት። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ክርኖቼን ከጎኔ አጥብቄ ያዝኳቸው። የመጨረሻውን ፕሌት ወሰድኩ። ከጉብታው በፊት ቆምኩ፤ ለካሁ፤ ትንሽ አጠፍኩ፤ ለካሁ። ማንም አላስቸኮለኝም። ወደ መብራቱ ያዝኩት፤ ጨለማ ነበር።

ዶክተሩ አጥንቱ ላይ አስቀመጠው። ሳይጫነው ተኛለት። መሪ ቱቦውን አቀበልኩት፤ ውኃ አንጠባጠብኩ፤ መለኪያውን ሰጠሁት፤ ብሎኖቹን በቁጥር አቀበልኩት። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ሁለታችንም ጥርሱን እያየን ነበር። አልተከፈተም።

ስድስት ሳምንት አጥሚት ጠጣ፤ አንድ ፍርፋሪ ቢነካ ወርቄ ታንቀው ነበር። ጥርሱ ገጠመ። አንድ ነገር ቀረበት፤ በግራ በኩል የታችኛው ከንፈሩ ደነዘዘ። ሁለት ጊዜ ሲከፈት የከንፈር ነርቭ ሳይነካ አይቀርም። ሻይ ሲጠጣ በአገጩ ላይ ቢፈስ አይሰማውም። ወርቄ የራሷን አገጭ መታ ታደርግለታለች፤ ያብሳል፤ ወሬውን ይቀጥላል። ይህም በእኔ ላይ የሚቆጠር ነው፤ ማንም ባይቆጥርብኝም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወደ ቢቸና ተመልሻለሁ። በገበያ ቀን በከብት ተራው በኩል ማለፍ አለብኝ፤ ሌላ መንገድ የለኝም። እሱን ከማየቴ በፊት ድምፁን እሰማለሁ። እሱም ገና ከሩቅ ሲያየኝ የያዘውን ወይፈን ትቶ፣ ገዥና ሻጭ አቁሞ ይጣራል።

“ኑ እዩዋት! መንጋጋዬን የሰበረችው ሴትዮ ይህቺ ናት!”

ገበያተኛው ዞሮ ያየኛል። አንዳንዱ ይስቃል፤ የማያውቀው ይደነግጣል። መጀመሪያ ጊዜ ቆም ብዬ፣ “የሰበረችው በቅሎዋ ናት” እል ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ደኅና ዋልህ ብዬው አልፋለሁ።